የአንገቱ ቁራጭ

ጎረቤታችንን ከአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶብስ ያስቀረኋት እኔ ነኝ እያልኩ ለብዙ ዓመት በሆዴ ስኮራ ኖሬያለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። በስምንት ዓመቱ ሰው ያዳነ ልጅ ልቡ እንዴት እንደሚያብጥ ያየ ያውቀዋል።

የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። ደረጃው ሲያልቅ ሁለት በር ፊት ለፊት ተፋጦ ይገኛል። በግራ የእኛ፣ በቀኝ አረንጓዴው የእሷ። የእኛ ቤት በስፌት መኪና ድምፅ ይታወቃል፤ እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የእሷ ቤት ደግሞ በገመድ። ሰው ሁሉ «ባለገመዷ» ነበር የሚላት። እኔ ፊት ለፊት «እትዬ» እላታለሁ፤ ከኋላዋ እኔም ባለገመዷ ነው የምላት፣ ምን ልዋሽ።

ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በትንንሽ ፖስታዎች ላይ «አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ፣ ከምግብ በኋላ» እያለች ትጽፋለች። ሰፈሩ ከጻፈችው ሁሉ ያነበበላት ይህንኑ ብቻ ነው። ከሥራ መልስ ግን ልቦለድ ትጽፋለች። ከመስኮቱ እስከ ቁም ሳጥኑ የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥራ፣ የጻፈችውን ገጽ እንደ ታጠበ ካልሲ በመቆንጠጫ በተራ ትሰቅለዋለች። ገና የምትነካካውን በእንጨት መቆንጠጫ፣ የጨረሰችውን በቀይ ፕላስቲክ። ተከምሮ የተቀመጠ ወረቀት ምኑ እንደጎደለ አይናገርም ትል ነበር፤ ገመዱን ግን በሩ ላይ ቆማ አንዴ ስታየው ታሪኩ የት እንዳበጠ፣ የት እንደሳሳ ቁልጭ ብሎ ይታያታል።

ባሏ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። «እዚህ ቤት ማንበብ ደመወዝ የሚያስገኘው ለእኔ ብቻ ነው» እያለ ከገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ደግ ሰው ነበር። ይህችን ሳይናገር ያጎነበሰበት ቀን ግን አላስታውስም።

ከዚያ አረገዘች።

ሆዷ ሲገፋ ጠረጴዛው አላስጠጋ አላት። ልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ዝቅ አድርጋ ጉልበቷ ላይ እንደ ድልድይ አጋደመችው፤ ያበጡ እግሮቿን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ ብዕሯን ጥርሷ መሃል ነክሳ ትቀመጣለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ በሯ ላይ እለጠፋለሁ።

«እትዬ፣ ስንት ቀረሽ?»

«የቱ? የሆዴ ነው የገመዱ?»

«ሁለቱም።»

«ሆዴ ሰባት ሳምንት፣ ገመዱ ሦስት ምዕራፍ። እስቲ ማን ይቀድማል? በማን ትወራረጃለሽ?»

በሆዷ ተወራረድኩ። አንድ ምዕራፍ ሲቀራት ሆዷ ቀደመ።

የአሳታሚው ደብዳቤ ገመዱ ጫፍ ላይ ለብቻው ተሰቅሎ ነበር። በዓመቱ ሦስት መጽሐፍ ብቻ እንደሚያሳትም፣ አንዱ የእሷ እንዲሆን እንደሚፈልግ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ግን እዚህ ቀን ድረስ እጁ ካልገባ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ የሚል ነው። ቀኑ የወሊድ ፈቃዷ ከሚያልቅበት ሳምንት ጋር ገጠመ። እናቴ ዘንድ መጥታ ይህን ስታወራ ሰምቻለሁ።

«ፈቃዴ ሲያልቅ ቀኑን መድኃኒት ቤት ይወስደዋል፣ የቀረውን ልጅ ይወስደዋል። ያቺ ምዕራፍ አሁን ካላለቀች በየት በኩል ትገባለች?»

እናቴ አፏ ውስጥ ስፒል ስለነበር አልመለሰችላትም። ስፒሉን ካወጣች በኋላም አልመለሰችላትም።

የተወለደችው ሴት ናት። ቀይ፣ ጡጫዋን የምትጨብጥ፣ ስታለቅስ ደረጃ የሚወርድ ሰው ዞር ብሎ የሚያይላት። በዚያው ሰሞን ገመዱ ላይ የሽንት ጨርቅ ብቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ቁም ሳጥኑ ጥግ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ምዕራፍ አንድ ወረደና ወደ ካርቶን ገባ፣ ቦታው በጨርቅ ተያዘ። ከዚያ ምዕራፍ ሁለት። እኔ ወረቀቶቹ ታጥበው ጨርቅ የሆኑ ይመስለኝ ነበር ብል ትስቁ ይሆናል፤ ግን ገመዱን በየቀኑ ለሚያይ ልጅ ልክ እንደዚያ ነበር። ወረቀት በመስኮቱ በኩል እያፈገፈገ፣ ጨርቅ በቁም ሳጥኑ በኩል እየገፋ። መስኮቱ ጋ የቀረችው የመጨረሻዋ ምዕራፍ ብቻ ነበረች።

አማቷ፣ እማማ የምንላቸው፣ ልጅ ለማሳደግ ብለው መጥተው ነበር። ከሕፃኗ ይልቅ ግን እኛ ቤት ነበር የሚውሉት። የእኔ ሥራ በማግኔት ስፒል መልቀም ስለነበር ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ወሬውን ከስፒሉ ጋር እለቅማለሁ።

«ትናንት ሕፃኗ ስትንጫጫ ሰምተሻል?» አሉ እማማ።

«ሰፈሩ ሰምቷል።»

«እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። እሷ ጡቷን አውጥታ፣ ልጅቷን ሳታጠባ፣ ብዕሩን እንደያዘች ‹እማማ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨርስ› ትለኛለች። አንድ ዓረፍተ ነገር! ይኸው አንቺም የቀሚስ ጠርዝ እስክትጨርሺ ልጅ ታስለቅሺያለሽ፤ ጠርዝ ግን ይለበሳል። ይሄኛው ምን ይደረጋል? ይበላል?»

እናቴ ፔዳሉን አቆመች። መኪናው ሲቆም ቤቱ ጭር ይላል።

«እኔም እኮ እማማ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንደኛ ነበርኩ። ድርሰቴን መምህሩ ቆመው ነበር ለክፍሉ የሚያነቡት። ከዚያ ይቺ መጣች።» በእግሯ ጣት ጀርባዬን ጎሸም አደረገችኝ። «ተውኩት። ሞትኩ?»

«አልሞትሽም» አሉ እማማ።

እኔ ጠረጴዛው ሥር ደስታዬን አልቻልኩትም። ለእኔ ሲባል ትምህርት ቤት እንኳ ይተዋል ማለት ነው! በማግስቱ ክፍል ውስጥ ለጓደኞቼ ጉራዬን ነፋሁት። የእናቴ ድምፅ ያኔ እንዴት እንደነበር መልሼ የሰማሁት እኔ ራሴ ሁለተኛ ልጄን ታቅፌ የስፌት ትምህርቴን ባቋረጥኩ ጊዜ ነው። ጉራ አልነበረም።

እማማ እኛ ቤት ሲሆኑ ባለገመዷ ትጠራኛለች።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ሃያ ደቂቃ ስጪኝ።»

ሃያ ደቂቃ መስጠት ማለት ሕፃኗን ታቅፎ ከበሩ እስከ ደረጃው መመላለስ ነው። እሷ ያንን ጊዜ እንደ ተራበ ሰው ትሻማዋለች። የጻፈችውን ደግሞ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ጆሮዋ ካልሰማው እጇ አያምነውም። ደረቷ ላይ ወተቱ በሸሚዟ አልፎ ሁለት ክብ እርጥበት ይሠራል፣ እሷ አታየውም። በሩ ገርበብ ብሎ እኔ ከውጭ እሰማታለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ስትል ሰማኋት።

«ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶብስ እሄዳለሁ። ሕፃኗን አጥቤ፣ አጥብቼ አስተኛታለሁ። አረንጓዴውን በር ሳላንኳኳው እዘጋዋለሁ። ሦስተኛውን ደረጃ፣ የተሸረፈውን፣ ዘልዬው እወርዳለሁ። ወደ ኋላ ካየሁ አልሄድም። ስለዚህ አላይም።»

እዚያው ደረጃው ላይ፣ የተሸረፈው ላይ፣ ሕፃኗን ይዤ ቁጭ አልኩ።

እኔ የማውቀው ተረት አንበሳና ንጉሥ ያለበትን ነው። የእኛ ደረጃ ተረት ውስጥ ይገባል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አረንጓዴ በር የእሷ ነው፤ የተሸረፈው ደረጃ የእኛ ነው፤ የአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶብስ ከመስኮታችን ሥር በየቀኑ ጡሩንባውን እየነፋ የሚነሣው ነው። ስለዚህ ይህ ተረት ሳይሆን ዕቅድ ነው፤ ሴትዮዋ መጥፊያዋን እየጻፈች ነው። ሕፃኗ ጣቴን ይዛ ተኝታለች።

ረቡዕ ዕለት እማማና እሷ ኩሽና ውስጥ ሕፃኗን ሲያጥቡ ገባሁ። የመጨረሻዋ ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ በቀይ መቆንጠጫ ተሰቅላ ነበር፤ አሥራ አራት ገጽ። ቀይ ማለት ያለቀ ማለት ነው፤ ያለቀ ማለት ደግሞ ነገ ትሄዳለች ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ወንበር ስቤ ወጣሁ፤ ገጾቹን አንድ በአንድ አወረድኳቸው። መቆንጠጫዎቹን መልሼ ገመዱ ላይ ተውኳቸው፤ ሌባ አይደለሁማ። ደብዳቤውንም አልነካሁትም። ወረቀቱን ሹራቤ ውስጥ አድርጌ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ለእናቴ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እያለቀስኩ ነበር የነገርኳት።

«ልትሄድ ነው። ሕፃኗን ትታ፣ ነገ፣ በአውቶብስ። እዚህ ጽፋዋለች፣ እይው።»

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረችና አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ወረቀቱ ምን ያህል መጥፎ እንደሆነ እየመረመረች መሰለኝ፤ ሐኪም ራጅ እንደሚያይ።

አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። «ጅል፣ ልቦለድ እኮ ነው፤ ሄደሽ መልሺ» ብትለኝ ሮጬ በመለስኩ ነበር፤ መቆንጠጫዎቹ እንኳ ቦታቸው ላይ ነበሩ። እሷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ስፌት መኪናው ሥር ካለው መሳቢያ ከተተችው።

«ደግ አደረግሽ» አለችኝ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

እናቴ ደግ አደረግሽ የምትለው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ክንፍ አወጣሁ።

ሐሙስ ከማለዳው ጀምሮ ከወዲያኛው ቤት ዕቃ ሲገፋ፣ መሳቢያ ሲከፈት ይሰማል። ዕቃዋን እየሸከፈች ነው አልኩ። በአሥራ አንድ ሰዓት መስኮታችን ላይ ወጥቼ አየሁ፤ አውቶብሱ ጡሩንባውን ነፋ፣ ሰው ተጋፍቶ ወጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሄደ። እሷ የለችበትም። ሮጬ በአረንጓዴው በር አንገቴን ባስገባ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ጉንጯን ምንጣፉ ላይ አጋድማ፣ ቁም ሳጥኑ ሥር በመጥረጊያ እንጨት ትዳብሳለች። ሕፃኗ አልጋው ላይ እያለቀሰች ነው።

«ንፋስ ይሆናላ» ይላል ባሏ። «መስኮቱ ተከፍቶ ነበር እኮ።»

«አሥራ አራቱንም? መቆንጠጫውን ፈትቶ?»

«እሺ እንግዲህ፣ ደግመሽ ጻፊው። የጻፍሽው አንቺው አይደለሽ እንዴ? የት ይሄዳል?»

ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ያለ አተያይ በሰው ፊት ላይ ከዚያ በኋላ ያየሁት ቀብር ላይ ብቻ ነው። ያኔ ግን እኔ አውቶብስ ያመለጠው ሰው ፊት ነው ብዬ ተረጎምኩት። እሰይ፣ ቀረች አልኩ።

ደግማ ልትጽፈው ሞከረች። ሁለት ሳምንት ያህል ሃያ ደቂቃ ስሰጣት የወረቀት መቀደድ ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው።

«አልወርድ አለችኝ» አለችኝ አንድ ቀን፣ በሩ ላይ ተደግፋ።

«ማን?»

«ሴትዮዋ።»

እማማ መስለውኝ፣ ከአልጋ አልወርድ ብለው ከሆነ ልጥራቸው አልኳት። ሳቀች።

በዚያው ሰሞን እናቴ ስጦታ ይዛ ሄደች፤ እኔንም አስከትላ። ቢጫ ቀሚስ ለሕፃኗ፣ ኮሌታዋ ነጭ፣ እጅጌዋ ጫፍ ላይ ተሸብሽቦ። እናቴ ለደንበኛ እንኳ እንዲያ አድርጋ ሰፍታ አታውቅም። ባለገመዷ ቀሚሱን ገልበጥ አድርጋ ስታይ፣ ጠርዙ ውስጥ የተረሳ ስፒል አገኘች። ነቀለችው። ስፒሉ ላይ የጣት ያህል፣ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ተሰክቶ ነበር። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቀረበችው። ከዚያ እጇን ጨበጠችው። ወረቀቱም ስፒሉም እጇ ውስጥ ቀሩ።

እናቴ ኮሌታውን ታስተካክላለች። ቀና አላለችም።

«እጅሽ ይባረክ» አለቻት ባለገመዷ። ዕንባዋ ዱብ አለ።

ስፒሉ ወጋት ብዬ አዘንኩላት።

የወሊድ ፈቃዷ አለቀና ወደ ፖስታዎቿ ተመለሰች። አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ። የአሳታሚው ደብዳቤ ከገመዱ ወረደ፤ በዚያ ዓመት የወጡት ሦስት መጻሕፍት የሌላ ሰው ነበሩ። ከዚያ ሁለት ወንዶች ወለደች። ገመዱ ዳር እስከ ዳር ጨርቅ ሆነ፣ ቆይቶ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ሆነ፣ ቆይቶም ተፈታ። እናቴና እሷ ግን አልተጣሉም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሳህንና ወንፊት ሲዋዋሱ፣ በበሽታ ሲጠያየቁ፣ ደረጃው ላይ ቆመው ስለ ሽንኩርት ሲያወሩ ኖሩ። ለእኔ መልካም ጎረቤት ማለት እነሱ ነበሩ።

እናቴ አምና ሞተች። የስፌት መኪናዋ ለእኔ ተረፈች፤ እኔም የምተዳደረው በዚያችው ነው። እኔ የምጽፈው የደንበኛ ልክ ነው፤ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ባለፈው ወር መሳቢያዋን ሳጸዳ ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው የልክ ወረቀት ነው፤ እኛ ጨርቁ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን የምንቆርጥበት። ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለት እጅጌ። ለሕፃን። ወረቀቱ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል።

እናቴ የልክ ወረቀት የምትሠራው በጋዜጣ ነበር። አሮጌ ጋዜጣ መኪናው ሥር እስከ ጉልበቴ ተቆልሎ ነበር፤ እኔ ነበርኩ የምቀመጥበት። የተሠራበትን ደግሞ ሳትውል ሳታድር ትጥለዋለች። ይህን ብቻ አስቀምጣዋለች። ገጾቹን በዱቄት ሙጫ ያጣበቀቻቸው በተራ ነው፤ አንድ ከሁለት ጎን፣ ሁለት ከሦስት ጎን፣ መስመር ከመስመር ሳይዛነፍ። ሳያነቡ እንደዚያ ማጣበቅ አይቻልም። አንብባዋለች። እስከ መጨረሻው አንብባ ነው መቀሷን ያነሣችው።

እኔም ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሴትዮዋ አረንጓዴውን በር ዘጋች፣ የተሸረፈውን ዘለለች፣ አውቶብሱ ላይ ወጣች። እኔ በስምንት ዓመቴ የሰማሁት እስከዚህ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ፊተኛው ክፍል ላይ፣ ትከሻው ጋ አለ። «ወተቴ ሸሚዜን አልፎ ወንበሩን አራሰው። በሦስተኛው ፌርማታ ወረድኩ። ስለራራሁ አይደለም የወረድኩት። የወረድኩት» ይልና መቀሱ ጋ ያልቃል። ለምን እንደተመለሰች የተጻፈው አንገቱ ላይ ነበር። አንገት ደግሞ ተቆርጦ የሚወድቅ ነው።

ጠቅልዬ ይዤው ወደ አረንጓዴው በር ተሻገርኩ። ጡረታ ወጥታለች፤ ፀጉሯ ነጥቷል። የዚያች ቢጫ ቀሚስ ባለቤት ወልዳ ሥራ ገብታለች፤ ልጇን የምታውለው እናቷ ጋ ነው። መስኮቱ አናት ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። አራቱን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። መነጽሯን አጥልቃ አየች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስፒሉን ያገኘሁ ዕለት። የእናትሽን እጅ ሲያሳየኝ የአንቺንም አሳየኝ፤ ወንበሩን ገመዱ ሥር ነበራ የተውሽው። በዚህ ቤት ገመዱ ላይ ለመድረስ ወንበር የሚያስፈልገው ማን ነው? ባሌማ ሲያጎነብስ ነው የኖረው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ሠላሳ አምስት ዓመት?»

«ምን ልበላት? ልጄ ቀሚሱን ለብሳው ነበር እኮ።»

ፊተኛውን ክፍል አነሣችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ትከሻው ጋ ስትደርስ ቆመች። ጣቷን በአንገቱ ቀዳዳ አሾለከችው።

«ለምን ነበር የወረደችው?» አልኳት።

ከመነጽሯ ማኅደር ውስጥ ብዕር አወጣች። ክዳኑን በጥርሷ ስትነቅለው ያቺን ሴት አየኋት፤ ሳፋው ውስጥ እግሯን ነክራ የምትቀመጠዋን። በዚህ መሃል ከጓዳ ሕፃኑ አለቀሰ። ተነሣች። ሳታስበው ነው የተነሣችው፤ ጉልበቷ ራሱ ነው የተነሣው።

ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። «ቁጭ በይ እትዬ። ሃያ ደቂቃ ልስጥሽ።»

ሕፃኑን ታቅፌ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከበሩ እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ በሩ። ጆሮዬን ወደ ውስጥ ጣል አድርጌ ነበር፤ ድምፅ አልነበረም። ሃያ ደቂቃ ሰጠኋት፤ እንዲያውም ጨመርኩላት፤ ለእኔም ለእናቴም ብዬ።

ስመለስ ብዕሩ ክዳኑ ገጥሟል። ቁራጮቹ በተቆረጡበት ልክ ታጥፈው፣ እጅጌ በእጅጌ ላይ፣ ተደራርበው ተቀምጠዋል። አንዲት ቃል አልተጨመረችም። ባለገመዷ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጭና በመስኮቱ ወደ ፌርማታው ታያለች።

«እናትሽ ልጄን ሳትለካት እኮ ነው ቀሚሱን የቆረጠችው» አለች። «አንድ ጣት እንኳ አልሰፋትም።»

ከዚያ እጇን ዘርግታ ልጁን ተቀበለችኝ።